«ሁለተኛውን ያለ ማደንዘዣ ልሞክረው ወይ? ማንስ አብሮኝ ይግባ?»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዳችሁን ሳነብ ነው የኖርኩት፤ ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ። 31 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ አሁን ሁለተኛውን አርግዤ 33ኛ ሳምንት ላይ ነኝ።

የመጀመሪያው ወሊዴ ጥሩ ትዝታ የለውም። ምጥ ጀምሮኝ እንደገባሁ አልጋ ላይ በጀርባዬ አስተኙኝ፤ እስክወልድ ድረስ ከዚያ አልጋ አልወረድኩም። ሆዴን ሳይሆን ወገቤን ነበር የሚያመኝ። ሰው ይመጣል፣ የማህፀን በሬ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተከፈተ ያያል፣ ይወጣል። እኔ ጣራ ጣራውን እያየሁ እቀራለሁ። በመጨረሻ ኤፒዱራል የሚባለው፣ በወገብ በኩል በቀጭን ቱቦ የሚገባው ማደንዘዣ ተሰጠኝ፤ እሱም በግራ ጎኔ ብቻ ያዘኝና ቀኝ ጎኔ እያመመኝ ወለድኩ። ባለቤቴ ኮሪደር ላይ ነበር። ስጮህ ሁሉ ይሰማኝ እንደነበር የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

አሁን ለወገቤ ብዬ ፊዚዮቴራፒስት ጋ መሄድ ጀምሬያለሁ። ስለ ወሊዴ ሳወራላት «በዚህኛው ምጥ ሕመሙን ያለ መድኃኒት የምናቀልባቸው መንገዶች አሉ» አለችኝ። የሚቀመጡበት ትልቅ ኳስ፣ አቋቋም፣ አተነፋፈስ፣ የወገብ ማሳጅ፣ ቴንስ የሚባል በቆዳ በኩል ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚልክ ትንሽ ማሽን። ደስ አለኝ። «አብሮሽ የሚገባውን ሰው ይዘሽ ነይ፣ እሱም መለማመድ አለበት» ስትለኝ ግን ነገሩ ተወሳሰበ።

ባለቤቴ «ማደንዘዣ እያለ ምን አስጨነቀሽ? ጀግና ለመባል ነው?» ይላል። ግን ደግሞ «በዚህኛው ውጭ አልቀርም፣ አብሬሽ እገባለሁ» ብሎ ድርቅ ብሏል። ታላቅ እህቴ ሦስት ወልዳለች። «እኛ ያለ ኳስ ያለ ማሽን ወልደናል፣ ምጥ ያው ምጥ ነው፤ ወንድ ምን ይሠራል እዚያ፣ እኔ እገባለሁ» ትላለች። እወዳታለሁ፣ ጠንካራ ሰው ናት፤ ግን ስጮህ የምትቆጣኝ ይመስለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ደም ሲያይ ይደነግጣል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ይሄን ሁሉ አውርቼ፣ ኳስ ገዝቼ፣ ሰው አሠልጥኜ፣ መጨረሻ ላይ ሕመሙ ሲበረታብኝ «ማደንዘዣ ስጡኝ» ብልስ? በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ለመሆኑስ እነዚህ ነገሮች ይሠራሉ ወይስ ማባበያ ናቸው?

ግራ የገባኝ እናት

* * *

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ስለ ሕመሙ የጻፍሽው ትንሽ ነው። ስለ አልጋው፣ አይተውሽ ስለሚወጡት ሰዎች፣ ኮሪደር ላይ ስለቀረው ባለቤትሽ ግን ብዙ ብለሻል። እና መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ፤ ያኔ ይበልጥ የጎዳሽ ሕመሙ ነው ወይስ ሕመሙን ብቻሽን መቻልሽ? መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ፣ ለራስሽ መልሺው። «ሕመሙ ራሱ ነው፣ ሁለተኛ ልቀምሰው አልፈልግም» ካልሽ ዕቅድሽ ሌላ ይሆናል፤ ኤፒዱራሉን በጊዜ፣ በደንብ፣ በሁለቱም ጎን ማግኘት ነው የሚያዋጣሽ፤ በዚህም ማንም አይፈርድብሽም። «አስረው ያስተኙኝ ያህል መሰማቱ፣ የሚይዘኝ ሰው ማጣቴ» ካልሽ ግን ፊዚዮቴራፒስቷ የምታሳይሽ ነገር በትክክል ላንቺ ነው። ሁለቱም ነው ካልሽም ችግር የለም፤ ሁለቱን ማጣመር ይቻላል፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

«ይሠራሉ ወይስ ማባበያ ናቸው?» ላልሽው ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። የምትፈልጊው ሕመም ማጥፋት ከሆነ ኤፒዱራልን የሚያህል የለም። ኳሱም ማሳጁም ማሽኑም ምጥን አያጠፉም። እነሱ የሚሰጡሽ ምጡ ሲመጣ የምታደርጊውን ነገር ነው፤ የሕመሙን ጫፍ ትንሽ ይሰብሩልሻል፣ በሁለት ምጥ መካከል ያለችዋን ዕረፍት ደግሞ እውነተኛ ዕረፍት ያደርጉልሻል። ማባበያም አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ፣ ጤነኛ ሆና በምጥ ላይ ላለች እናት ጡንቻ ማፍታታት፣ አተነፋፈስና ሙዚቃ፣ እንዲሁም ማሳጅና ሙቅ ነገር ማስያዝ እንደ ምርጫዋ እንዲቀርብላት ይመክራል። ያው መመሪያ ኤፒዱራልንም እንደ ምርጫዋ እንዲሰጣት ይመክራል። ሁለቱን ጠላት ያደረግናቸው እኛ ነን።

ወገብሽ ለምን እንደሚያምሽ ማወቁ ራሱ ፍርሃቱን ያቀለዋል ብዬ ስለማምን ትንሽ ልቆይበት። በምጥ መጀመሪያ ደረጃ ከማህፀንና ከማህፀን በር የሚነሳው የሕመም መልእክት ወደ አከርካሪ ገመድ የሚገባው የጀርባሽንና የወገብሽን ቆዳ በሚያገለግሉት ነርቮች መንገድ ነው። ስለዚህ የምትሠራው ማህፀን ሆና ሳለ የሚያምሽ ወገብሽ ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ሕፃኑ ጀርባውን ወደ እናቱ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ሆዷ አድርጎ ሲመጣ ጭንቅላቱ የዳሌዋን የኋላ አጥንት ይጫናል፤ በዚያ ላይ በጀርባዋ ስትተኛ ይብሳል። የአንቺ የመጀመሪያ ልጅ እንደዚያ መጥታ ይሁን አይሁን ከዚህ ሆኜ አላውቅም፤ ሁለተኛው የግድ ያንኑ ይደግማል ማለትም አይደለም።

መፍትሔውም የሚመጣው ከዚያው ከነርቩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ንክኪና ግፊት የሚያመጡት መልእክት አከርካሪ ገመዱ መግቢያ ላይ ከሕመሙ ጋር ተጋፍቶ በሩን ሊያጠብበት እንደሚችል አስረዱ። ክርንሽን ግድግዳ ሲመታሽ ሳታስቢው የምታሺው ለዚህ ነው። ማሳጁ፣ ሙቀቱ፣ ቴንሱ በአብዛኛው እዚሁ በር ላይ ነው የሚሠሩት።

ከሁሉ በፊት ግን ከአልጋው ውረጂ። በጣም ቀላሉም ርካሹም ነገር እሱ ነው፣ ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው የብዙ ጥናቶች ድምር ግምገማ፣ በመጀመሪያው የምጥ ደረጃ ቆመው፣ ተቀምጠው ወይም እየተራመዱ የቆዩ እናቶች ምጣቸው ከተኙት በአማካይ አንድ ሰዓት ከ22 ደቂቃ ያህል እንዳጠረ፣ ኤፒዱራል የጠየቁትም እንዳነሱ አሳይቷል። ላንቺ ወገብ በተለይ የሚስማማው ወደ ፊት መደገፍ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ በክንዶችሽ ተደግፈሽ ቁሚ። ወይም በጉልበትሽና በእጅሽ ተንበርከኪና ዳሌሽን ቀስ ብለሽ ወዲያና ወዲህ አወዛውዢ። ኳሱ ላይ ስትቀመጪ ዳሌሽ ከጉልበትሽ ትንሽ ከፍ ይበል፣ እግርሽ መሬቱን በደንብ ይርገጥ፣ ካልሲ አውልቂ፣ መጀመሪያ መጀመሪያ የሚይዝሽ ሰው ከኋላሽ ይሁን። ሲደክምሽ በጎንሽ ተኚ። መተኛት ክልክል አይደለም፤ ለሰዓታት በጀርባ መቅረት ነው ችግሩ። የሕፃኑን ልብ ምት የሚከታተል ማሽን ቢገጠምልሽ ወይም ግሉኮስ ቢሰቀልልሽ እንኳን አልጋው አጠገብ መቆምና ኳስ ላይ መቀመጥ ብዙ ጊዜ ይቻላል። «መቆም እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ካልጠየቅሽ መተኛቱ እንደ ደንብ ይወሰዳል።

አንድ ነገር ብቻ፤ የወገብ ሕመምሽ ከፊት ለፊት፣ የብልት አጥንቱ መጋጠሚያ ላይም የሚያምሽ ከሆነ እግርሽን በጣም ከፍተሽ የምትቀመጪባቸው አቋቋሞች ያባብሱታል። ሳይብስብሽ እስከ ምን ድረስ መክፈት እንደምትችይ ፊዚዮቴራፒስትሽ ትለካልሽ፤ አዋላጇም ታውቀው።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ፤ ምክንያቱም ጭቅጭቁን ያመጣው እሱ ነው። አብሮሽ የሚገባው ሰው የሚማረው ዋናው ነገር ወገብ መጫን ነው፣ ማሸት ብቻ አይደለም። ከመቀመጫሽ መሰንጠቂያ ከፍ ብሎ፣ ከወገብሽ ዝቅ ብሎ ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘን አጥንት አለ። እዚያ ላይ የመዳፉን መነሻ ያሳርፋል፤ ጣቱን አይደለም። ክርኑን ቀጥ ያደርግና በክንዱ ጉልበት ሳይሆን በሰውነቱ ክብደት ወደ ፊት ይደገፋል። ምጡ ሲጀምር ቀስ ብሎ፣ ሲበረታ አበርትቶ፣ ሲለቅሽ እሱም ይለቃል። ከላይ ያሉትን ጎርበጥ ጎርበጥ የሚሉ የአከርካሪ አጥንቶች አይጫንም። ሌላው ደግሞ ከኋላሽ ቆሞ ሁለት መዳፎቹን በዳሌሽ ሁለት ጎኖች፣ ሥጋው ላይ አድርጎ ወደ መሃልና ወደ ላይ መጭመቅ ነው። ሲያደርጉልሽ ወዲያው ታውቂዋለሽ፤ ቦታው ሁለት ጣት እንኳ ቢስት ምንም አይሰማሽም፣ ሲያገኘው ደግሞ «እዛው ጋ! እንዳትነሳ!» ትያለሽ። እንግዲህ ይሄንን ቦታ ምጥ ላይ ሆኖ መፈለግ አይቻልም። አሁን፣ ሳያምሽ፣ ሳሎን ውስጥ ነው መፈለግ ያለበት። ፊዚዮቴራፒስቷ «ሰውሽን ይዘሽ ነይ» ያለችሽ ለዚህ ነው።

የምትነጋገሩበትንም ቃል አሁኑኑ ተስማሙ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትናገርም። «ላይ»፣ «ታች»፣ «ጨምር»፣ «ተው» ይበቃል። «ተው» ሲባል እጅ ይነሳል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፣ ቅር አይባልም። አሥር ምጥ ሙሉ የወደድሽው እጅ በአሥራ አንደኛው ሊያስጠላሽ ይችላል፣ የተለመደ ነገር ነው።

ስለ ቴንስ፣ ብዙ ሰው ስለሚሸወድበት፣ በልኩ ልናገር። ኪስ የሚገባ ማሽን ነው፤ አራት ተለጣፊ አለው። ሁለቱ ከላይ የጡት መያዣሽ ማሰሪያ አካባቢ፣ ሁለቱ ከታች ከመቀመጫሽ መሰንጠቂያ ከፍ ብሎ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ይለጠፋሉ። ንዝረት ይሰማሻል፤ ምጡ ሲመጣ ቁልፉን ተጭነሽ ከፍ ታደርጊዋለሽ፣ ሲያልፍ ዝቅ። ጥናቶቹ ውጤቱ ላይ አይስማሙም፤ ሕመምን በግልጽ እንደሚቀንስ ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ ሆኖም የተጠቀሙበት ብዙ እናቶች በሚቀጥለው ወሊድም ቢያገኙት እንደሚፈልጉት ተናግረዋል። የእኔ ግምት፣ ቁልፉ በእጅሽ መሆኑ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል። የሚጠቅመው ከጅምሩ፣ ቤት ሳለሽ፣ ምጡ መደበኛ መሆን ሲጀምር ከተለጠፈ ነው፤ ሕመሙ ከከረረ በኋላ ያመጣሽው እንደሆነ «ይሄን አንሱልኝ» ነው የምትይው። አሁን 33 ሳምንት ላይ ስለሆንሽ ወገብሽ ላይ አትለጥፊው፤ ከ37 ሳምንት በፊት አይመከርም። ንዝረቱን ለመልመድ ፊዚዮቴራፒስቷ ክንድሽ ላይ ታሳይሽ። ውሃ ውስጥ በፍጹም አይገባም። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመላት ሴት አትጠቀምበትም፣ የሚጥል በሽታ ያለባት ደግሞ ሐኪሟን ሳታማክር አትሞክረው። ገዝተሽ ገንዘብ ከምታባክኚ የሚያከራይ ወይም የሚያውስ ካለ እሱን ጠይቂ።

ሙቅ ውሃ ደግሞ ከሁሉም የምወደው ነው። የምትወልጅበት ቦታ ገንዳ ካለው ጥሩ፤ የገንዳው ውሃ ከ37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዳይበልጥ አዋላጇ ትከታተላለች። ከሌለው ሻወር ይበቃል፤ ወንበር ላይ ወይም ኳሱ ላይ ተቀምጠሽ ውሃው ወገብሽ ላይ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ሻወርም ባይኖር ፎጣ የተጠቀለለበት የሙቅ ውሃ ኮዳ አለ። ቆዳ እንዳያቃጥል መጀመሪያ አብሮሽ ያለው ሰው በራሱ ክንድ ይሞክረው። መግፊያው ጊዜ ሲደርስም አዋላጇ በሙቅ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ብትይዝልሽ ከባዱን መቀደድ እንደሚቀንስ ታውቋል። ይህንንም አስቀድመሽ ጠይቂያት።

አተነፋፈስ ላይ ብዙ አልጽፍም፣ ምክንያቱም ሰው ያወሳስበዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ላማዝ እ.ኤ.አ. በ1951 ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ያየውን ይዞ ከተመለሰ ወዲህ ፈጣኑ የ«ህ ህ ህ» አተነፋፈስ በፊልም ሁሉ ታይቷል። በጣም ከፈጠነ ግን ራስሽን ያዞርሻል፣ ከንፈርሽንና ጣትሽን ይነዝርሻል። ዘገም ያለው ይሻላል፤ በአፍንጫ አስገቢ፣ በአፍ ረዘም አድርገሽ አስወጪ፣ ስታስወጪ ትከሻሽን ጣይ፣ አገጭሽን ዘና አድርጊ። ጥርስሽን ስትነክሺ የዳሌሽም ወለል፣ ማለትም ማህፀንሽን ከታች የሚደግፈው ጡንቻ፣ አብሮ ሊጠብቅ ይችላል፣ ስለዚህ አፍሽን መልቀቁ ዋጋ አለው። ስለ ጩኸት ደግሞ፣ አፍሽን ዘግተሽ እንድትችዪው የሚያስገድድሽ ሕግ የለም። ወፈር ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ሰውነትን ያላላል፤ ቀጭኑ የጉሮሮ ጩኸት ግን ያደክምሻል። ጩኺ፣ ብቻ ዝቅ አድርገሽ ጩኺ።

እንግዲህ ማን ይግባ?

ባለቤትሽ «ጀግና ለመባል ነው?» ያለው ንግግር እኔንም አልጣመኝም። ግን ያ ሰው ኮሪደር ላይ ቆሞ ስትጮሂ ሲሰማ ነበር፣ በሩ ተዘግቶበት፣ ምንም ሳያደርግ። ለብዙ ጊዜም አልነገረሽም። ማደንዘዣ ማደንዘዣ የሚለው ያን ድምፅ ሁለተኛ መስማት ስለፈራ ይመስለኛል። ለመሆኑ ያን ቀን እሱ እንዴት እንዳለፈው ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ካልጠየቅሽው ስለ ኳስና ስለ ማሽን ከማውራትሽ በፊት እሱን ጠይቂው። ከዚያ እንዲህ በዪው፦ «ማደንዘዣውን አልተውኩም፣ በሩ ክፍት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ወገቤን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ጋ አንድ ቀን አብረኸኝ ና።» የፈራ ሰው እጁ ላይ ሥራ ሲሰጡት ብዙ ጊዜ ይረጋጋል። ደሙ ካስፈራው ደግሞ ቦታው ከራስሽ በኩል ወይም ከኋላሽ ነው፤ ወገብ የሚጫን ሰው ፊት ለፊት ምን እንደሚሆን ማየት የለበትም። ቁርስ በልቶ ይግባ፣ ካዞረው ቁጭ ይበል። አዋላጆች በዚህ አይደነቁም።

እህትሽ ደግሞ አልተሳሳተችም፣ ምጥ ምጥ ነው። ሦስቴ ያለፈችበትን ነገር አንቺ በኳስ ልታልፊው ስትይ የእሷን ያቃለልሽባት መስሎ ተሰምቷት ሊሆን ይችላል። እሱንም ለራሷ ማንሳት ነው፤ «አንቺን ማን ያዘሽ? ምን ቢደረግልሽ ትወጂ ነበር?» በያት። ከመልሷ ብዙ ትማሪያለሽ፣ እሷም ከፈራጅነት ወደ አጋርነት ትመጣለች። ያንን ውይይት አድርጋችሁም ስትጮሂ የምትቆጣሽ ከመሰለሽ ግን ሆድሽን ስሚው። ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2017 ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች ገምግሞ፣ ምጥ ላይ ሳለች ሰው ሳይለያት የቆየች እናት በራሷ ኃይል የመውለድ ዕድሏ እንደሚጨምር፣ ምጧ እንደሚያጥር፣ ሕመም ማስታገሻም የመፈለግ ዕድሏ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ያ ሰው ግን እንዲያው ማንም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም «የመረጠችው ሰው» ነው ያለው። ይሉኝታ የመረጠልሽ ሰው አይደለም።

ስለዚህ ቀላል ፈተና ልስጥሽ። ሁለቱንም በተለያየ ቀን ወገብሽን አስይዢያቸው። በዚያ መሃል «ተው» በይ። ወዲያው እጁን ያነሳው፣ ምክንያት ያልጠየቀሽ፣ ያላኮረፈ እሱ ነው አብሮሽ የሚገባው። እኔ ልቤ ወደ ባለቤትሽ ያደላል፣ እገባለሁ ብሎ ድርቅ ማለቱን ወድጄዋለሁ፤ ፈተናው ሌላ ካሳየሽ ግን የእኔን ተዪው። ሆስፒታሉ ሁለት ሰው የሚያስገባ ከሆነም ተፈራርቀው ሊይዙሽ ይችላሉ፤ የሰው ክንድ ይደክማል፣ ምጡ በየሁለት ሦስት ደቂቃው ሲመጣ ብቻውን የሚችለው የለም። አንድ ብቻ ከሆነ የሚፈቀደው የአራት ዓመቷን ልጅሽን የሚይዝልሽ ሰውም ያስፈልግሻል። እህትሽ ልጅሽን ያዘችልሽ ማለት ተገፋች ማለት አይደለም፤ ልብሽ ቤት ቀርቶ ምጥ አይማጥም።

አሁን ወደ ትልቁ ፍርሃትሽ። «መጨረሻ ላይ ማደንዘዣ ብጠይቅስ?» ትጠይቂያለሽ፣ ይሰጥሻል፣ ትወልጃለሽ። በቃ። ከአልጋ ወርደሽ፣ ወገብሽን ተይዘሽ፣ ሻወር ገብተሽ አምስት ሰዓት ካሳለፍሽ በኋላ ኤፒዱራል ብትወስጂ እነዚያ አምስት ሰዓታት አልጠፉም፤ ብቻሽን ያላለፍሽባቸው ሰዓታት ናቸው። ደግሞም ያኔ በአንድ ጎን ብቻ መያዙ የአንቺ ጥፋት አይደለም፤ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜም ቱቦውን ትንሽ በማስተካከል ወይም እንደገና በማስገባት ይታረማል። ስለዚህ ቀደም ያለውን ለሐኪምሽ ንገሪና «ይህ ቢደገም ምን ታደርጉልኛላችሁ?» ብለሽ መልሱን አሁን ስሚ። ዕቅድሽን ስትጽፊም «ኤፒዱራል አልፈልግም» ብለሽ አትጻፊ። «መጀመሪያ ሌላውን እሞክራለሁ፣ ስጠይቅ ግን ሳታከራክሩ ስጡኝ» ብለሽ ጻፊ።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ምጥ ላይ ሰው «አልቻልኩም፣ ሞትኩ፣ ስጡኝ» ይላል፤ አንዳንዴ እውነት መድኃኒት እየጠየቀ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ምጡን እየተሳደበ ነው። አብሮሽ ያለው ሰው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ከባለቤትሽ ጋር አንድ የሚስጥር ቃል ተስማሙ፣ የፈለጋችሁትን። ያ ቃል ካልወጣ ማደንዘዣ አይጠይቅልሽም፣ ያበረታሻል። ከወጣ ደግሞ ወሬ የለም፣ አዋላጇን ይጠራል።

ሁለተኛ ወሊድ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይፈጥናል። ስለዚህ «ያኔ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ» ብለሽ ቤት አትዘግዪ፤ መቼ መምጣት እንዳለብሽ አዋላጇን ጠይቂ። ደም ከፈሰሰሽ፣ የሽርት ውሃው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ በሁለት ምጥ መካከል እንኳ የማይለቅ ሕመም ከያዘሽ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣብሽ ግን ኳስም ማሳጅም የለም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። አሁንም፣ ገና በ33 ሳምንትሽ፣ የወገብ ሕመምሽ እየመጣ እየሄደ ሰዓት ጠብቆ የሚመላለስ ከሆነ «ያው የለመድኩት ነው» አትበይ፣ ታይ።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አድርጊ፤ ሌላው ይደርሳል። አንደኛ፣ የምትወልጅበት ቦታ ደውለሽ ስንት ሰው አብሮሽ መግባት እንደሚችል፣ ምጥ ላይ መንቀሳቀስ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ሻወር ወይም ገንዳ መኖሩን ጠይቂ። ኳስና ቴንስ ከቤት ማምጣት ይቻል እንደሆነም አትርሺ። ሁለተኛ፣ የፊዚዮቴራፒስቷን ቀጣይ ቀጠሮ ባለቤትሽ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት አስይዢ፤ ሰዓቱ ካልተመቸው አይመጣም፣ ካልመጣ ደግሞ እጁን መፈተን አይቻልም።